«ካንሰር ካልሆነማ ምን ቀረ?» ለምትሉ

አሜሪካ ውስጥ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) በሚሠራበት ክፍል ነርስ ነኝ። ከአበሻ ታካሚዎች የምሰማው ነገር ሁሌም ያው ስለሆነ ሰልችቶኛል።

«ምንም አያመኝም፤ ለምን እመረመራለሁ?» የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ እኮ የማያመው ሰው ነው የሚመረመረው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ መነሻ ዕድሜው 45 ነው። ሰገራው ላይ ደም የሚያይ ወይም ያለምክንያት የሚከሳ ሰው ግን ዕድሜ አይቁጠር፤ ሐኪም ጋ ይሂድ።

«ሰገራዬ ላይ ደም ከተገኘ ካንሰር ነው።» የግድ አይደለም፤ ኪንታሮትም ፖሊፕም (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ያደማል። ቢሆንም «ኪንታሮቴ ነው» ብሎ ኮሎኖስኮፒውን መተው አይቻልም።

«ፖሊፕ ካንሰር ነው።» አብዛኛው አይደለም። ወደ ካንሰር የሚለወጠውም ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ነው ሲገኝ ተቆርጦ የሚወጣው።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ካንሰር አይደለም ከተባልኩ አለቀ» የሚለው ነው። ሐኪሙ የቆሰለ ወይም ያበጠ ቦታ ሲያይ ናሙና ይወስዳል፤ ውጤቱ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። የኛ ሰው ግን ከማደንዘዣው ሲነቃ «ካንሰር የሚመስል አላየሁም» የምትለዋን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ስልክ አያነሳም።

ጣና ዳር ያደጉ አንድ አባት ነበሩ። ከአገር ከወጡ ቆይተዋል፤ ሆዳቸውን አሟቸው አያውቅም። ናሙናቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የትል እንቁላል ተገኘበት፤ ብልሃርዚያ፣ ከሐይቅና ከወንዝ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ። ስደውልላቸው «ካንሰር ካልሆነ ለምን ታስጨንቂኛለሽ ልጄ?» አሉኝ። ትሉ ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። እንቁላሉ ጉበት ውስጥ እየገባ ጠባሳ ያበጃል፤ ሲብስ ደም ያስታውካል። መድኃኒቱ ደግሞ በአንድ ቀን ተውጦ የሚያልቅ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው!

የአንጀት ቲቢም አለ። በካሜራ ሲታይ ክሮንስ ከሚባለው የአንጀት በሽታ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ክሮንስ ነው ተብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ከተሰጠ ቲቢው ሊሰራጭ ይችላል። ቲቢ እምብዛም በሌለበት አገር የሠራ ሐኪም ቶሎ ላይጠረጥረው ይችላል። ስለዚህ የት እንዳደጋችሁ፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ ትዋኙ እንደነበር፣ ቤታችሁ ውስጥ ቲቢ የታመመ ሰው እንደነበር ሳትጠየቁ ተናገሩ። ልጃችሁ መኪናውን ይንዳላችሁ፤ ለማስተርጎም ግን የሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። ከመውጣታችሁ በፊት ናሙና ተወስዶ እንደሆነና ውጤቱን ማን እንደሚነግራችሁ አረጋግጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተደወለላችሁ እናንተው ደውሉ።