የፋሽን ዲዛይንና ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት፤ ከድሬዳዋና ከሐረር ሲታይ

ፋሽን ዲዛይንና ቴክኖሎጂ ልብስን ከመጀመሪያው ንድፍ አንሥቶ ተሰፍቶ እስኪለበስ ድረስ የሚያጠና የመጀመሪያ ዲግሪ መስክ ነው። በአንድ ወገን ሥዕልን፣ የቀለም አዋሐድንና የአለባበስ ታሪክን፣ በሌላ ወገን የጥጥንና የሰው ሠራሽ ክርን ጠባይ፣ የቅድ (ጨርቁ የሚቆረጥበት ልክ) ሥራንና የስፌት መኪናን ያስተምራል። ብዙ ጊዜ ከጎረቤቶቹ ጋር ይምታታል። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ጥጡ ፈትል፣ ፈትሉም ጨርቅ እስኪሆን ያለውን ሂደት ይከተላል፤ የጋርመንት ምህንድስና አንድ ልብስ በፋብሪካ መስመር ላይ በሺዎች ተባዝቶ እንዴት እንደሚሰፋ ያሰላል፤ ዲዛይነሩ ግን ልብሱን ማን፣ የት፣ በምን አየር እንደሚለብሰው ጠይቆ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ይህን ጥያቄ ለማስተማር ድሬዳዋና ሐረርን የሚያህል ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ድሬዳዋ ሙቀቱ ስስና ሰፊ ልብስን ያስመርጣል፤ የሴቶቹ ድሪያና የወንዶቹ ሽርጥ ለዚህ ምስክር ናቸው። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ሐረር ደግሞ ከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ፣ ደርበው የሚለብሱባት ከተማ ናት። አንድ ተማሪ የአየር ጠባይ በልብስ ላይ ያለውን ሥልጣን ለመረዳት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ይበቃዋል።

የአካባቢው የጨርቅ ሙያ ከዘመናዊው ትምህርት እጅግ ይቀድማል። በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ ለ10 ቀናት ያህል የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ በከተማዋ በእጅ የሚሸመነው ኩታና መቀነት ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ጨርቅ በውበትም በጥንካሬም እንደሚልቅ ጽፏል፤ ጠርዙ በደማቅ ቀይ ጥለት ያጌጠ እንደነበርም መዝግቧል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በግብፆች ተይዛለች፣ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሥር ገብታለች። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ከውጭ የሚገባው ጣቃ ጨርቅ በብዛት ይጎርፍ ጀመር፤ ከእርሱም ጋር የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች በአዲሲቱ ከተማ ሱቅ ከፈቱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ትልልቅ ኢንዱስትሪዎች ጋር በመንግሥት ተወርሷል፤ ፈትል፣ ሽመናና ማቅለም ምን እንደሆኑ በእጃቸው የሚያውቁ ሠራተኞችን ያፈራ ቤት በመሆኑ ለከተማዋ ከፋብሪካ ይልቅ ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ያስኬዳል።

ለዲዛይን ተማሪ ግን ከሁሉ የሚልቀው የሐረሩ መኪና ግርግር ነው። በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚያወርደው ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ደንበኛዋ ጨርቋን ከአጠገቡ ካሉት ሱቆች ገዝታ ትመጣለች፤ ሰፊው በሜትሮ ይለካታል፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ በቀጥታ ያሰምራል፣ ይቆርጣል፣ በእግር በሚረገጥ መኪናው ይሰፋል። በዩኒቨርሲቲ ይኸው ሥራ በደረጃ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። ተማሪው መጀመሪያ የፊትና የኋላ መሠረታዊ ቅዱን በወረቀት ያወጣል፤ ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ትርፍ ስፋት ይጨምራል፤ የደረቱን ፔንስ (ጨርቁ ቅርጽ እንዲይዝ ታጥፎ የሚሰፋውን እጥፋት) ከትከሻ ወደ ጎን ወይም ወደ ወገብ ማዛወርን ይማራል፤ በመጨረሻም ቅዱን ለትንሽ፣ ለመካከለኛና ለትልቅ ቁመና ያባዛል። ሰፊው ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞታል። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቅድ ለሌላ ሰው ተላልፎ ሊሰጥ መቻሉ ነው፤ የዲግሪው ትምህርት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

የሐረሪ ሴቶች አለባበስ ብቻውን የአንድ መንፈቅ ትምህርት ይወጣዋል። ገይ ገናፊ የሚባለው ሱሪ ከላይ ሰፋ ብሎ ከቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ ያለና በጥልፍ ያጌጠ ነው፤ ጥልፉ ከቀሚሱ ሥር ብቅ እንዲል የሱሪውና የቀሚሱ ርዝመት አብረው መታሰብ አለባቸው። በሁለቱም ገጽ የሚለበሰው ቀሚስ ደግሞ ለቅድ መምህር ጥሩ ፈተና ነው። ተራ ቀሚስ ላይ የስፌቱ ትርፍ ወደ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ሁለት ገጽ ባለው ቀሚስ ላይ ግን «ውስጥ» የሚባል ነገር ስለሌለ ትርፉ ሁሉ በሁለቱ ጨርቆች መካከል መቀበር አለበት፤ ስለዚህ የስፌቱ ቅደም ተከተል ከቅዱ በፊት ይታቀዳል። እንዲህ ያለ ጥበብ በባህል ልብስነቱ ብቻ እየተጠራ የቴክኒክ ዕውቀትነቱ መዘንጋቱ ተገቢ አይደለም።

የጨርቅ ሳይንስ ክፍሉም ከገበያው ብዙ አይርቅም። ድሩ በሽመና ጊዜ ተወጥሮ የሚቆይ በመሆኑ በልብሱ ቁመት በኩል እንዲውል ይደረጋል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል፣ ሰውነትንም ተከትሎ ይወርዳል። ጥጥ ላብን ስለሚመጥ ለድሬዳዋ ሙቀት ይመቻል፤ ነገር ግን ታጥቦ ሊሰበሰብ ስለሚችል ከመቆረጡ በፊት መነከር አለበት። ፖሊስተር አይሰበሰብም፣ አይጨማደድም፤ እርጥበት ግን አይመጥም። በቤተ ሙከራ የሚሰጠው የማቃጠል ፈተና ነጋዴዎችም የሚያውቁት ነው፦ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነዶ ለስላሳ አመድ ሲሆን፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። በልብስ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ጨርቁ በመሆኑ፣ ቅዶችን ጣቃው ላይ አጠጋግቶ መደርደር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር ይሠራል።

ወደ መስኩ የሚገባ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፎ በመንግሥት ምደባ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ትምህርት ሆኗል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ መመረቅ የለም። ፈተናው በኮምፒውተር በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ በመሆኑ የእጅን ችሎታ ምን ያህል ይመዝናል የሚለው አከራካሪ ነው። በአገሪቱ የዘርፉ አንጋፋ ማዕከል በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ወራሽ ነው፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ስለዚህ መስኩን የመረጠ የምሥራቅ ልጅ ከአገሪቱ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው መጓዝ ሊኖርበት ይችላል፤ የሠለጠኑ እጆች ካሉበት ሰፈር ርቆ ሙያውን መማር ግን ከባድ ኪሳራ አለው። በአቅራቢያ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ ተከፍሎ ይሰጣል፤ ሠልጣኞቹም ሲኦሲ የተባለውን የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ይፈተናሉ።

ከምረቃ በኋላ ሁለት ዐይነት ሥራ ይጠብቃል። አንደኛው ፋብሪካ ነው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና ሆኗል፤ የአገሪቱ የአልባሳት ኢንዱስትሪ ግን በዚያው ዓመት አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ምርት ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው አጎዋ ተጠቃሚነት ኢትዮጵያን በማስወጣቷ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል። ከውጭ በታዘዘ ንድፍ የሚሰፋ ፋብሪካ የሚፈልገው ከዲዛይነር ይልቅ የጥራት ተቆጣጣሪና የቅድ ባለሙያ በመሆኑ፣ ተመራቂው ፈጠራውን ለጊዜው ማቆየት ይኖርበታል።

ሁለተኛው የራስ ሱቅ ነው፤ ሥራውም የበዓል ቀን መቁጠሪያን ተከትሎ ይሄዳል። ለኢድና ለአረፋ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ለሠርግም ወራት ትእዛዝ ይደራረባል። በሐረር ሸዋሊድ ተጨማሪ ነው፤ ከረመዳን በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበረው ይህ በዓል በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ወጣቶቹ በምሽት አዲስ ልብስ ለብሰው የሚተያዩበት ስለሆነ፣ ቀሚሱ በመብራት ብርሃን እንዴት እንደሚታይ አስቀድሞ ለማወቅ ጨርቁን በምሽት አውጥቶ መምረጥ የሰፊዎችም የደንበኞችም ጉዳይ ነው።