ዲስቶርሽን ምንድን ነው? ከባጃጁ ስፒከር እስከ ሄቪ ሜታል

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ከፋሲሎ ወደ ሐይቁ ዳር በባጃጅ እየሄድኩ ነው። ሾፌሩ የጎጃም ዘፈን እስከ ጥግ ከፍቶታል። ከበሮው በተመታ ቁጥር ከጀርባዬ ያለው ስፒከር «ዝርርር» ይላል።

«ወንድሜ፣ ስፒከርህ ተቀዷል እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን እንዲህ ሲሆን ሞቅ ይላል» አለኝ።

ይኸው ነው ዲስቶርሽን። ከዚህ በላይ አሳጥሮ የነገረኝ ሰው የለም።

ነገሩን ትንሽ እንፍታታው። ድምፅ ሞገድ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ታንኳዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርጋት ዓይነት። የአምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ሥራ ከኤሌክትሪክ ጊታር የሚመጣውን ትንሽ ሞገድ ማሳደግ ነው። ግን አቅሙ ልክ አለው። ከልኩ በላይ ስትጠይቀው የሞገዱ አናት ጣራ ይነካና ይቆረጣል፤ ክብ የነበረው ጫፍ እንደ ጠረጴዛ ይደለደላል። በዚህ ጊዜ ክሩ ላይ ያልነበሩ ከፍ ከፍ ያሉ ድምፆች ይወለዳሉ። ያ የሚሻክረው፣ የሚነዝረው ነገር እነሱ ናቸው።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ዋናው ይሄኛው ነው። ክራር ስትመታ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ጊታርም እንደዚያው ነው። ዲስቶርሽን ሲገባበት ግን ክሩ እየደከመም ቢሆን ሞገዱ አሁንም ጣራውን ስለሚነካ ድምፁ ቶሎ አይወርድም። ይንጠለጠላል፣ ያለቅሳል። በአጭሩ፣ ክራር የነበረው መሣሪያ ማሲንቆ ይሆናል። የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ላይ (ለብቻው ሲጫወት) ዓይኑን ጨፍኖ አንዲት ኖታ ይዞ የሚቆየው ይህ ስላለ ነው።

«የተበላሸ ድምፅ ደግሞ ምኑ ያምራል?» የሚል ሰው በገና ይስማ። ታናሽ እህቴ በገና ትማራለች። አንድ ቀን መምህሯ ሲቃኝላት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ከሥሩ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ይሏታል። አውታሩን መታው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ፊቱን አጨፈገገ። ቆዳዋን በጥፍሩ የፀጉር ያህል ገፋ አደረጋትና ደግሞ መታው። ያ ሁላችንም በዐቢይ ጾም የምናውቀው የሚነዝር ድምፅ መጣ። ያኔ ፈገግ አለ። በገናው ላይ ኤሌክትሪክ የለም፣ መንገዱም ሌላ ነው። ጆሮው ግን አንድ ነው፤ ጥርት ያለውን ትቶ ነዛሪውን ይመርጣል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ በብልሽት ነው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1964 የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የኪንክስ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀደደው። «ዩ ሪሊ ጎት ሚ» የሚለው ዘፈናቸው ላይ የሚሰማው ያ ነው። የባጃጁ ሾፌር ምላጭ እንኳን አላስፈለገውም።

አሜሪካዊው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ ሌላ ብልሽት አነሳ። ሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክ ስፒከር ፊት ሲቀርብ «ፊይይይ» ብሎ ጆሮ የሚበጥሰውን ታውቁታላችሁ። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ፊድባክ ይባላል። ሄንድሪክስ ይህንኑ ከጊታሩ ሆነ ብሎ እያወጣ ዜማ ሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1969 ዉድስቶክ በተባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር የተጫወተው በዚህ ነው።

የእኔ ሰው ግን የእንግሊዙ ባንድ የብላክ ሳባት ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ነው። ፈጣን ጊታሪስት የሚወድ ሌላ ይምረጥ፤ አልከራከርም። አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የተጎዳው ክር የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነው። ምን አደረገ? የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ላዩ ላይ ከአሮጌ ጃኬት የቆረጠውን ቆዳ ለጠፈበት። እዚህም ቆዳ! ጣቱን እንዳያመው ቀጫጭን ክሮች ገጠመ። በ1970 የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም ሲወጣ ያ ወፍራም፣ ጨለም ያለ ድምፅ ዛሬ ሄቪ ሜታል የምንለው የሮክ ስልት ሆነ። ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ሜታል ጊታሪስቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ኖታ ብቻ የሚመቱትም ያለ ምክንያት አይደለም። ፓወር ኮርድ ይሉታል። ዲስቶርሽን ውስጥ ኖታዎች እርስ በርስ ይደባለቃሉ። 110 እና 165 ሄርዝ (በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ የሚነዝሩ ኖታዎች) አብረህ ብትመታ የልዩነታቸው 55 ሄርዝ አብሮ ይሰማል። ይህ የመጀመሪያው ኖታ ራሱ ነው፤ አንድ ኦክታቭ ወርዶ፣ ማለትም ንዝረቱ በግማሽ ቀንሶ። ማንም ያልመታው ቤዝ በነፃ መጣ ማለት ነው። ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ ኖታ ስትጨምርበት ግን ድብልቁ ይጋጭና ጭቃ ይሆናል።

አሜሪካ ያደገውን ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለንን ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል። በ1978 በሁለት እጁ የጊታሩን አንገት እየመታ ዓለምን ያስደነገጠው ሰውዬ ነው። እኔን የሚያስቀኝ ሌላው ዘዴው ነው። አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻ ይከፍትና ወደ እሱ የሚገባውን ቮልቴጅ በአንድ ዕቃ ወደ 90 አካባቢ ያወርደው ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 120 ገደማ ነው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ መብራቱ ራሱ ደክሞ ይህን ይሠራልናል፤ ቫን ሄለን ግን እስካሁን አልወጣልንም።

በአማርኛ መስማት ለሚፈልግ ጃኖ ባንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ኤርታሌ» ከፍታችሁ ዲስቶርሽን ከእኛ ዜማ ጋር ሲገናኝ ስሙት።

ጊታርና ትንሽ አምፕ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ቁልፍ ፈልጉ፤ ጌይን እና ቮሊዩም። ብዙ ጀማሪ አንድ ይመስሉታል። ጌይን ሞገዱ ጣራውን ምን ያህል እንደሚገፋ ይወስናል፤ ቮሊዩም የሚወስነው ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። ጌይኑን ከፍ፣ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጉ። እኔ መጀመሪያ ቀን በተቃራኒው አድርጌው የግቢያችን እማማ ጋቢያቸውን ደርበው «ልጄ፣ ምን ፈነዳብህ?» እያሉ መጥተዋል።