የእድገት ሆርሞን ምርመራ ምንድን ነው?

ምርመራው አትሌት የተከለከለውን የእድገት ሆርሞን በመርፌ ወስዶ እንደሆነ ለማወቅ የሚደረግ ነው። በአትሌት ደም ውስጥ ሆርሞኑ መገኘቱ ብቻውን ጥፋት አያሳይም፤ በጤነኛ ሰው ሁሉ ደም ውስጥ አለ። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታመነጨዋለች፤ ያውም በየጊዜው እየገነፈለ ነው የሚወጣው። በጥልቅ እንቅልፍና በከባድ ልምምድ ወቅት ያሻቅባል፣ በመሃል እስከማይታወቅ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ መጠኑን መለካት ብቻ አይበቃም። በመርፌ የሚወሰደውም ቢሆን ከተፈጥሮው ዋና ሆርሞን ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም 191 አሚኖ አሲዶች አሏቸው። ወደ ሽንት የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚመረመረው ደም ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? ፋብሪካው የሚሠራው ከሚገባው በላይ ንጹሕ ስለሆነ ነው። ዕጢዋ አንድ ዓይነት ሆርሞን ብቻ አታመነጭም፤ ዋናው 22 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) የሚመዝነው ቢሆንም ባለ 20 ኪሎዳልተኑና ሌሎች ቅርጾችም አብረውት ይወጣሉ። በመርፌው ውስጥ ያለው ግን ባለ 22ቱ ብቻ ነው። መርፌው ሲገባ አንጎል «በቂ ሆርሞን አለ» ብሎ ዕጢዋን ያስቆማል፤ ሌሎቹ ቅርጾች ይመነምናሉ፣ ባለ 22ቱ ብቻውን ይገዝፋል። ላቦራቶሪው በአንድ አንቲቦዲ (ሆርሞኑን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ባለ 22ቱን፣ በሌላ አንቲቦዲ ከዕጢዋ የሚወጣውን ድብልቅ ለክቶ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍላል። ጥፋተኛ ለማለት የተለያዩ አንቲቦዲዎች ያሏቸው ሁለት ኪቶች (የመመርመሪያ ዕቃዎች) ሁለቱም ከገደቡ በላይ ማሳየት አለባቸው። ገደቡ ለወንድና ለሴት ይለያያል።

ናሙናው ሲወሰድ አትሌቱ እግሩን መሬት አስነክቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። ቱቦው በቅዝቃዜ ይጓጓዛል እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፤ ደሙ በረዶ ከሆነ ሴሎቹ ይፈነዱና የሚመረመረው ፈሳሽ ክፍሉ (ሴረሙ) ይበላሻል።

ዘዴው በ2004 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በአቴንስ ኦሎምፒክ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ሰው የተያዘው ግን በ2009 መጨረሻ በተወሰደ ናሙና ነው፤ እንግሊዛዊ የራግቢ ሊግ ተጫዋች ነበር። ምክንያቱ የጊዜ ማጠር ነው፦ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ዕጢዋ ሥራዋን ትቀጥላለች፣ ምልክቱም ይጠፋል። ውድድር ቀን ላይ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚይዘው ልምምድ ወቅት ላይ ሳይነገር የሚደረግ ምርመራ ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው ሁለተኛው ዘዴ ሆርሞኑን ትቶ ዱካውን ይከተላል። ጉበት የሚያመነጨው አይጂኤፍ-1 እና ኮላጅን ሲሠራ የሚለቀቀው ፒ-3-ኤንፒ ይለካሉ። ሁለቱም በወጣትነት ከፍ ስለሚሉ ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ካልገባ ለጋ አትሌት ያለ ጥፋቱ ሊጠረጠር ይችላል። ምልክቱ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። በ2012 የለንደን ፓራሊምፒክ ሁለት ሩሲያውያን ክብደት አንሺዎች በዚሁ ተይዘዋል።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከፍርድ ቤት ነው። የኢስቶኒያው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ አንድሩስ ቪርፓሉ በ2011 በሁለቱ ኪቶች 2.62 እና 3.07 አስመዘገበ፤ ገደቡ 1.81 እና 1.68 ነበር። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በ2013 ነጻ አለው። ዘዴውን አልነቀፈም፤ ገደቡ የተሰላበት ስታቲስቲክስ ግን በበቂ አልተረጋገጠም አለ። ትክክለኛ ፍርድ ነበር፤ የሰው ስም የሚጠፋበት ቁጥር ከጥርጣሬ መጽዳት አለበት። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት (ዋዳ)ም ገደቦቹን እንደገና አስልቷል።

ከ2023 ጀምሮ አይጂኤፍ-1 እና ፒ-3-ኤንፒ በአትሌቱ ባዮሎጂካል ፓስፖርት፣ ማለትም የምርመራ ውጤቶቹ በየጊዜው በሚጠራቀሙበት መዝገብ፣ ይመዘገባሉ። አትሌቱ የሚነጻጸረው ከራሱ የቀድሞ ውጤቶች ጋር ስለሆነ፣ ናሙናው በበዛ ቁጥር የሚፈቀደው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል።