ኤስቤዝ ምንድን ነው?

ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስ ስትሉ ፋይሎቻችሁ ይደረደራሉ። ብዙ ሰው ይህን ሊኑክስ ራሱ የሚሠራው ይመስለዋል። አይደለም። ሊኑክስ ከርነሉ ነው፤ ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት። ኤልኤስ ግን ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፋይል የሚያሳየው ካት፣ የሚገለብጠው ሲፒ፣ መስመር የሚደረድረው ሶርት፣ ቃል የሚፈልገው ግሬፕም እንደዚያው። የሆነ ሰው ጽፏቸዋል፤ ሌላ ሰው ደግሞ እንደ አዲስ ሊጽፋቸው ይችላል። በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ተጭነው የሚመጡት የጂኤንዩ ፕሮጀክት የጻፋቸው ናቸው። ኤስቤዝ ደግሞ የእነዚሁ መሠረታዊ ትዕዛዞች ሌላ ስብስብ ነው። ኮዱ አጭር ነው፣ ዩኒክስን (ሊኑክስ አርአያ ያደረገውን ቀደምት ሲስተም) በሚመስል በየትኛውም ሲስተም ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ተጽፏል።

ያዘጋጁት ሰክለስ የሚባሉት ናቸው፤ ዲደብሊውኤም የተባለውን የመስኮት ማስተዳደሪያ የሠሩት። ኮድ ሲበዛ ችግር ይበዛል ባዮች ናቸው። አንዳንዴ ያበዙታል። ዲደብሊውኤም ላይ የአንድ ቀለም ቅንብር ለመቀየር ኮዱን ነክቶ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር፣ ለብዙ ሰው ጣጣ ነው። ኤስቤዝ ላይ ግን ግትርነታቸው ቦታውን አግኝቷል እላለሁ።

ካትን እንይ። ሥራው ፋይል አንብቦ ማውጣት ነው፣ በቃ። ፖዚክስ የሚባለው የዩኒክስ ሲስተሞች የጋራ ደረጃ ለካት የሚደነግገው አማራጭ (ከትዕዛዙ ስም ቀጥሎ የሚጻፍ ማዘዣ) አንድ ብቻ ነው፦ ዳሽ ዩ። የኤስቤዙ ካትም ያለው እሱ ብቻ ነው። የጂኤንዩው ካት መስመር ይቆጥራል፣ ተከታታይ ባዶ መስመሮችን ወደ አንድ ይቀንሳል፣ ታብን በምልክት ያሳያል፣ ሌላም ሌላም። ክርክሩ የቆየ ነው። ከዩኒክስ ሰዎች አንዱ የሆነው ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1983 ካት ላይ ዳሽ ቪ የሚባል አማራጭ መጨመሩን ነቅፎ ነበር፤ ፋይል አያይዞ ማውጣት ሌላ፣ የማይታዩ ፊደላትን ማሳየት ሌላ ነው በሚል። መስመር መቁጠር የፈለገ ኤንኤል የሚባል ትዕዛዝ አለለት። ኤስቤዝም ኤንኤልን ይዟል።

በየሲስተሙ የሚሠራበት ምክንያት ይኸው ደረጃ ነው። ፖዚክስ የሚያውቀውን ብቻ ከተጠቀምክ ሊኑክስም ሆነ ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ሲስተም ላይ ያው ኮድ ይሠራል። በየሲስተሙ መሥራት የማይችል ትዕዛዝ ኤስቤዝ ውስጥ ቦታ የለውም። ለምሳሌ ዲስክ የሚያገናኘው ማውንት ወይም እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን (ፕሮሰሶችን) የሚዘረዝረው ፒኤስ በየከርነሉ ይለያያሉ፤ የሊኑክሱ ፒኤስ ስለ ፕሮሰሶች የሚያውቀውን ሁሉ የሚያነበው ፕሮክ ከሚባለው ማውጫ ነው። ስለዚህ እነሱን ዩቤዝ ወደሚባል ሁለተኛ ስብስብ ለይተው አስቀምጠዋቸዋል፤ እሱ ለሊኑክስ ብቻ ነው። ቀላል ውሳኔ ይመስላል፣ ግን ኮዱን "ሊኑክስ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን" ከሚል ዝርዝር የሚያድነው ይኸው ነው።

ከፈለጋችሁ ሁሉንም ትዕዛዞች አንድ ፋይል አድርጋችሁ መገንባት ትችላላችሁ፤ ኤስቤዝ ቦክስ ይባላል። ፋይሉ በየትኛው ስም እንደተጠራ አይቶ ይሠራል፦ ኤልኤስ በሚል ሊንክ ከተጠራ ኤልኤስ ይሆናል፣ ሲፒ ከተባለ ሲፒ። በዚህ ዘዴ ስሙ የገነነው ቢዚቦክስ ነው። ብሩስ ፔሬንስ በ1990ዎቹ አጋማሽ የዴቢያንን መጫኛና የአደጋ ጊዜ ዲስክ አንዲት 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ላይ ለማስገባት ብሎ ነው የጀመረው። ዛሬ በብዙ ራውተሮችና በአልፓይን ሊኑክስ ኮንቴይነሮች ውስጥ ያለው እሱ ነው። ቶይቦክስ የሚባል ሌላም አለ፤ አንድሮይድ ከስሪት 6 ጀምሮ ይዞታል። የቢዚቦክስ ጭንቀት መጠን ነው፤ በትንሽ ቦታ ብዙ አማራጭ መጠቅጠቅ። የኤስቤዝ ጭንቀት ደግሞ ኮዱ ተነብቦ ሊገባ መቻሉ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ትንሽ ነው ማለት ግን ጎዶሎ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። የእኛ ፊደል፣ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8፣ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፤ "ሰላም" ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ይሆናል። አሁን ከዚህ ቃል ከት በሚባለው ትዕዛዝ የመጀመሪያውን ፊደል ቁረጥልኝ በሉ፣ በዳሽ ሲ። የጂኤንዩ ከት ለረጅም ዓመታት ዳሽ ሲን ባይት ከሚቆርጠው ከዳሽ ቢ ጋር አንድ አድርጎ ነው የኖረው፤ ፊደል ስትጠይቁት አንድ ባይት ይሰጣችኋል። የ"ሰ" አንድ ሦስተኛ ማለት ነው፣ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት የመሰለ ነገር። የኤስቤዙ ከት ዩቲኤፍ 8ን ያውቃል፣ "ሰ"ን ሙሉዋን ይሰጣል። ይቺ ለእኛ ትልቅ ነገር ናት።

በሌላ በኩል ጂኤንዩ በከንቱ አልገዘፈም። የጂኤንዩ ሶርት ፋይሉ ከሚሞሪ ሲበልጥበት ዲስክ ላይ ጊዜያዊ ፋይሎች እየከፈተ ሥራውን ይጨርሳል። የኤስቤዙ ሁሉንም መስመር ሚሞሪ ላይ ነው የሚጭነው። ግዙፍ የሎግ ፋይል ይዛችሁ ከሆነ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ዋናው ራስ ምታት ግን ስክሪፕት ነው። ከኢንተርኔት የምንገለብጠው ስክሪፕት ሁሉ ጂኤንዩን ታሳቢ አድርጎ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፍ የሚያርመው ሴድ ላይ ፋይሉን እዚያው የሚያርመው ዳሽ አይ፣ ቀን የሚያሳየው ዴት ላይ "ትላንት" ብሎ ቀን የሚያስቆጥረው ዳሽ ዲ፣ ግሬፕ ላይ የፐርል ቋንቋን የፍለጋ አጻጻፍ የሚፈቅደው ዳሽ ትልቁ ፒ፤ ሦስቱም ፖዚክስ ውስጥ የሉም። ዳሽ አይ እንዲያውም ማክ ላይ አጠቃቀሙ ይለያል፤ ሊኑክስ ላይ የሠራው ትዕዛዝ እዚያ ስህተት ያወጣል።

ስለዚህ የየቀን ላፕቶፓችሁ ላይ ጂኤንዩን አውጥታችሁ ኤስቤዝን ተኩ አልልም። እንደ ኦዋሲስ ሊኑክስ ያሉ ከሥር ጀምሮ በትንንሽ ፕሮግራሞች የተሠሩ ሲስተሞች ላይ ግን ያምራል። መሞከር ከፈለጋችሁ ሲስተሙን መንካት አያስፈልግም። ኮዱን አውርዳችሁ ማውጫው ውስጥ ሜክ የሚባለውን የመገንቢያ ትዕዛዝ ጥሩ፤ እሱና የሲ ኮምፓይለር ሊኖሯችሁ ይገባል። ከዚያ በአንድ ተርሚናል ብቻ ያንን ማውጫ ፓዝ (ተርሚናሉ ትዕዛዞችን የሚፈልግባቸው የማውጫዎች ዝርዝር) ላይ ከሁሉም አስቀድሙና የራሳችሁን ስክሪፕት አስኬዱት። የሚያቆምበት መስመር፣ ሳታውቁት የጂኤንዩን ተጨማሪ የተጠቀማችሁበት ሊሆን ይችላል። ተርሚናሉን ስትዘጉት ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።