«የዓለማችን ትልቁ ከተማ» ምንድን ነው? የቾንግቺንግ 32 ሚሊዮን ሰው የት ነው ያለው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተጓዥ ከቻይናዋ ቾንግቺንግ ተመልሶ ጻፈ። ሊዚባ ጣቢያ ላይ ባቡር በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲያልፍ አይቷል። እውነት ነው፣ ያልፋል። ሆንግያዶንግ የሚባለው የጎብኚዎች መዳረሻ ላይ ሰው ለፎቶ ሲጋፋ አይቷል። እሱም እውነት ነው። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «32 ሚሊዮን ሰው አንድ ከተማ ውስጥ ሲታጨቅ እንዲህ ነው።»

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ግፊያው ትክክል፣ ቁጥሩም ትክክል። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው የተባለው ግን ስህተት ነው። ይህን ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት!

ቾንግቺንግ የሚባለው የአስተዳደር ወሰን ወደ 82,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ኦስትሪያን ያክላል ማለት ነው። አዲስ አበባን ከ150 ጊዜ በላይ ይውጣል። ውስጡ ተራራ አለ፣ ገደል አለ፣ የሩዝ ማሳ አለ፣ ከመሀል ከተማው በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚርቁ ወረዳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከተቆጠሩት 32 ሚሊዮን ነዋሪዎች 30 በመቶ ያህሉ የገጠር ሰዎች ናቸው። ወደ 10 ሚሊዮን ባላገር «የዓለማችን ትልቁ ከተማ» ነዋሪ ሆኖ ተቆጠረ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ቾንግቺንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ከሲቹዋን ግዛት ተነጥላ በቀጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት ተጠሪ ሆነች። ከምክንያቶቹ አንዱ ያንግዜ ወንዝ ላይ የተሠራው የስሪ ጎርጅስ ግድብ ነው። ግድቡ ያፈናቀለው ሰው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኛውም የሚኖረው በዚህ አካባቢ ነበር። ማስፈሩን የሚመራ አንድ አስተዳደር ተፈለገ። ዋንሺያን፣ ፉሊንግና ቺያንጂያንግ የሚባሉት አካባቢዎች ከነገጠራቸው ተጨመሩ። በአንድ ውሳኔ የነዋሪው ቁጥር 30 ሚሊዮን ገባ። አንድ ፎቅ ሳይሠራ።

በዕድር ላስረዳ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሌላ ነው፣ ዕድሩ ያለበት ሰፈር ነዋሪ ሌላ ነው፣ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ስም ደግሞ ሌላ። ተጓዣችን ድንኳኑ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ቁጥር ይነግረናል። መዝገቡም የራሱ ጣጣ አለው። ስሙ እያለ አረብ አገር የገባ አለ። ሰፈሩ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር፣ መዝገቡ ላይ ግን የሌለ አለ። ቻይና ውስጥ ይህን የሚመስለው የመንግሥት የነዋሪነት መዝገብ ሁኮው ይባላል። በ2020 በቾንግቺንግ ሁኮው የተመዘገበው ሰው ከ34 ሚሊዮን በላይ ነበር። ነዋሪው ግን 32። ስሙን ትቶ የሄደው ከውጭ ከመጣው ይበልጣል ማለት ነው። ደቡብ ቻይና ያለችው ሼንዘን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከ17.5 ሚሊዮን ነዋሪዎቿ የከተማዋ ሁኮው ያላቸው ሲሶ ገደማ ነበሩ። ድንኳኑን የሚተክለው በአብዛኛው ተከራዩ ነው፤ ከዕድሩ ሙሉ ጥቅም የሚያገኘው ግን ባለመዝገቡ። ምሳሌው የሚያነክሰው እዚህ ጋ ነው። ዕድር ወደህ ትገባለህ፤ ሁኮው ከወላጅ ይወረሳል፣ ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ማስቀየሩም ቀላል አይደለም።

«ይሁን፣ ግን በፍጥነት እያደገች ነው» ይለኛል ሌላው። ቆጠራውን እንየው። በ2000 ነዋሪው ከ30 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2010 28.8 ሚሊዮን። በ2020 32 ሚሊዮን። መሀል ላይ ቀንሷል እኮ! ሰዉ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ ግዛቶች ነጎደ። ያደገው የከተሜው ድርሻ ነው፦ በ2000 ሲሶ ገደማ የነበረው በ2020 ወደ 70 በመቶ ደረሰ። ብዙ ሰው ወሰኑን ሳይሻገር ከማሳው ወደ ፎቅ ወጣ። (ይሄም ቁጥር በጥንቃቄ ይያዝ። ትናንት ገጠር የነበረ መሬት ዛሬ «ከተማ» ተብሎ ሲመደብ ነዋሪው ካለበት ሳይነቃነቅ ከተሜ ይሆናል።) በፍጥነት የሚያድግና የተጨናነቀ ከተማ ማየት የሚፈልግ ሼንዘን ይሂድ። በ2010 ከ10 ሚሊዮን ትንሽ በለጥ ይል የነበረው ሕዝብ ነው በ2020 17.5 ሚሊዮን የሆነው፤ ያውም 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ።

ታዲያ የቾንግቺንግ ግፊያ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከመሬቱ። አሮጌው መሀል ከተማ ዩዦንግ፣ ያንግዜና ጂያሊንግ ወንዞች ከሁለት ወገን ያጠሩት ጠባብ ኮረብታ ነው። ወንዞቹ ጫፉ ላይ፣ ቻኦቲያንመን ጋ ይገናኛሉ። ወደ ጎን መስፋት የለም፤ ያለው ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንዱ መንገድ ከሌላው ጣሪያ በላይ የሚሄደው። በ23 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 590 ሺህ ሰው ይኖራል። የወሰኑን አጠቃላይ ጥግግት ካሰላችሁ ግን በካሬ ኪሎ ሜትር 390 ሰው ገደማ ነው። ሩዋንዳና ሆላንድ ከዚያ ይበልጣሉ።

ይህንን 390 ይዛችሁ ደግሞ «ቾንግቺንግ ሰፊ ሜዳ ናት» እንዳትሉኝ። አማካይ ጥግግት ውስጥ ማንም አይኖርም። እኛ የከተማ ጂኦግራፊ ሰዎች ሰዉ በሚበዛበት ቦታ ላይ አመዝነን እናሰላለን፤ ውጤቱም በጣም ይለያል። ሆንግያዶንግ ላይ የሚጋፋውም ሁሉ ነዋሪ አይደለም። በበዓል ሰሞን ጎብኚው ከመብዛቱ የተነሳ አጠገቡ ያለው ድልድይ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ። ተጓዡ የቆጠረው ራሱን መሰል ተጓዥ ነው።

ስለ ከተማዋ ቁጥር መጻፍ ግድ ከሆነ የዘጠኙን ማዕከላዊ ወረዳዎች ቁጥር ጻፉ፦ በ2020 ወደ 10.3 ሚሊዮን፣ 5,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። እዚያም ውስጥ ተራራና እርሻ አለ፤ ቢሆንም ከ32 ሚሊዮኑ በብዙ ይሻላል። «የዓለም ትልቁ» የሚለውን ግን ተዉት። ለዓመታት ቶኪዮ ነበረች፤ በ2025 ተመድ መለኪያውን ሲቀይር ጃካርታ አንደኛ ወጣች። 10.3 ሚሊዮን ያነሰባችሁ ካላችሁ፣ አንድ ከተማ «ሜጋ» ለመባል የሚጠየቀው 10 ሚሊዮን ነው።