ቫይታሚን አምራቾቹ ባክቴሪያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቫይታሚን ክኒን ከሁለት አቅጣጫ ይጠረጠራል። አንዱ የኬሚካል ውጤት ነው ብሎ ይሸሸዋል፤ ሌላው ባክቴሪያ እንደሚሠራው ሲሰማ ይጸየፈዋል። መጠርጠር ክፋት የለውም፤ ፋብሪካው ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ግን ይቀድማል።

«ቢ12 ከሥጋ ተጨምቆ ይወጣል»

ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ቢ12 አላቸው፤ እንስሳው ግን አልሠራውም። ይህን ቫይታሚን ከመነሻው መሥራት የሚችሉት ባክቴሪያዎችና አርኬያ የተባሉት ሌሎች ደቂቅ ሕያዋን ብቻ ናቸው። ላም እንኳ የምታገኘው ሆዷ ውስጥ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው፤ ለዚያውም መኖዋ ኮባልት የተባለው ማዕድን ካለው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሮ የወጣው ከጉበት ነበር። ወዲያው ግን ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ባደገበት ፈሳሽ ውስጥም ተገኘ፤ አምራቾችም ፊታቸውን ከጉበት ወደ ባክቴሪያ አዞሩ።

«ኬሚስት ሊሠራው ይችላል፤ ባክቴሪያ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው»

ሊሠራው ይችላል፤ ሠርቶታልም። ግን እንዴት እንደሆነ እንይ። የሞለኪውሉን ቅርጽ በኤክስሬይ የፈታችው ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፤ ለዚህና ለመሰል ሥራዎቿ እ.ኤ.አ. በ1964 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ከዚያ በሃርቫርድ ሮበርት ውድዋርድ፣ በዙሪክ አልበርት ኤሸንሞዘር የመሯቸው 100 ያህል ተመራማሪዎች ከአሥር ዓመት በላይ ለፍተው፣ 70 ገደማ ደረጃዎችን አልፈው እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ሙከራ ውስጥ ገነቡት። ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው፦ 70 ተከታታይ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 90 በመቶ ቢሳኩ እንኳ፣ በመጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው ከመነሻው አንድ ሺህኛ አይሞላም። ድንቅ ሳይንስ ነው፤ ፋብሪካ ግን አይሆንም።

ባክቴሪያው ይህንኑ በ30 ገደማ ኢንዛይሞች፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይጨርሰዋል። ከሠራተኞቹ አንዱ ፕሮፒዮኒባክቴሪየም ፍሮይደንራይኺ ነው፤ የስዊስ አይብን ቀዳዳ የሚያበጀው ራሱ ነው። በማብላያው ጋን ውስጥ ስኳርና የኮባልት ጨው ይቀርብለታል። መጀመሪያ አየር ይነፈገዋል፤ የሞለኪውሉ ትልቁ ክፍል የሚሠራው ያኔ ነው። በኋላ ግን አየር ይነፋለታል፤ የቀረችውን አንዲት ቁራጭ ያለ ኦክስጅን መሥራት አይችልምና። ሰዓቱን የሳተ ኦፕሬተር ያልተሟላ ቢ12 ያመርታል።

«ባክቴሪያውን ጋን ውስጥ መጨመር ብቻ በቂ ነው፤ ቀሪውን ተፈጥሮ ትሠራዋለች»

ባክቴሪያ ለእኛ ብሎ አይሠራም። የሚያስፈልገውን ያህል ቢ12 ሲያገኝ ማምረቻ ጂኖቹን ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን በአልትራቫዮሌት ጨረርና በኬሚካል እየለወጡ፣ ይህን ቁጥብነት የረሱትን ዝርያዎች እየመረጡ ዓመታት ፈጅተዋል።

«ቫይታሚን ሁሉ በዚህ መንገድ ይመረታል»

አይደለም። ቫይታሚን ኤ እና ፎሊክ አሲድ በአብዛኛው በኬሚስትሪ ይሠራሉ፤ ዲ3 ከበግ ሱፍ ቅባት ተነሥቶ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይለወጣል። ቢ2 ወደ ባክቴሪያና ወደ ፈንገስ ዞሯል። ቫይታሚን ሲ ቅይጥ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ የእርሱ ታሪክ ነው። ቻይናውያን ባዳበሩት ዘዴ ዋናውን ለውጥ የሚያካሂደው ባክቴሪያ ብቻውን ሲሆን በደንብ አያድግም። ባሲለስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ አብሮት ሲጨመር ግን ይበረታል። የመጨረሻዋን ደረጃ የሚጨርሰው ደግሞ ኬሚስቱ ነው።

«ክኒኑ ውስጥ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ይቀራል»

ቢ12 የሚገኘው በአብዛኛው ሕዋሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ለማውጣት ባክቴሪያው በሙቀት መፈንዳት አለበት። ከዚያ ይጣራል፣ ይነጥራል፣ ደማቅ ቀይ ክሪስታል ይሆናል። ማጣራቱ ከላላ ግን ችግር ይመጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን ውስጥ፣ ከቻይና በገባ ለእንስሳት መኖ በሚጨመር ቢ2 ላይ ጂኑ የተለወጠ ባሲለስ በሕይወት ተገኝቷል። ስጋት ካለ ቦታው እዚህ ነው፤ ባክቴሪያው ላይ ሳይሆን የማጥሪያው ክፍል ላይ።

«ሳያኖኮባላሚን ሳያናይድ ስላለው መርዝ ነው»

ሳያናይድ አለው፤ የሚጨመረውም ሞለኪውሉ በምርት ሒደት እንዳይበላሽ ነው። መጠኑ ግን በ1 ሚሊግራም ቢ12 ውስጥ 20 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ ለሞት የሚያበቃው ከዚህ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ይልቅ የሚገርመው የዚህ ቫይታሚን ወንድም የሆነው ሃይድሮክሶኮባላሚን ነገር ነው። በእሳት አደጋ ጭስ በሳያናይድ ለተመረዘ ሰው ሐኪሞች በደም ሥር የሚሰጡት ማርከሻ እርሱ ነው። ሳያናይዱን ይዞ ሳያኖኮባላሚን ይሆናል፤ ከዚያም በሽንት ይወጣል፤ ሽንቱም ለቀናት ቀይ ይሆናል።