የድሬዳዋ ልጆች የደጅ ጥበብ፦ ከቆርኪ፣ ከሽቦና ከእርድ

ድሬዳዋ ውስጥ ልጆች ደጅ ተቀምጠው በእጃቸው ለሚሠሩት ነገር ብዙ ዕቃ አይገዛም። ቆርኪ አለ። ባዶ ሃይላንድ አለ። ያረጀ ነጠላ ጫማ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ካርቶን፣ የማዳበሪያ ከረጢት አለ። ቁራሌው በር ላይ ደርሶ ከመጣራቱ በፊት የልጅ እጅ ይቀድመዋል።

ሰዓቱን የምትወስነው ፀሐይ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀን ላይ ሙቀቱ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ጠዋት እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ጥላው ረዘም ሲል ነው። ሙቀቱ ግን ጥቅምም አለው። በሙጫ የተለጠፈ ካርቶን ግድግዳ ሥር ከተቀመጠ ቶሎ ይደርቃል። ሙጫውም ቤት ይሠራል፤ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአራት ስኒ ውሃ በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎ፣ እስኪወፍር እያማሰሉ ማፍላት ነው። ሲቀዘቅዝ ወረቀትም ጨርቅም ይይዛል።

ብዙ ሥራ ያለበት የሽቦ መኪና ነው። ልጁ መጀመሪያ የተጣመመውን ሽቦ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ያቀናል። ወፍራሙ ሽቦ አካል ነው፣ ቀጭኑ ማሰሪያ። ጎማው ከነጠላ ጫማ ሶል ይወጣል። ለልኩ የጣሳ ክዳን ሶሉ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ማስመር ይበቃል፤ ምላጩን ግን ትልቅ ሰው ቢይዘው ይሻላል። ጎማው ተንሸራቶ እንዳይወጣ መሀሉ የተበሳ ቆርኪ ከውጭ ይደረግለታል። ከፊት ጎማዎቹ አንድ ረጅም ሽቦ ተነስቶ እስከ ልጁ ደረት ይደርሳል፤ ጫፉ ተጠምዝዞ መሪ ይሆናል። ልጁ ቆሞ እየሄደ ይነዳዋል። መሪው ሲዞር የፊት ጎማው አብሮ ከዞረ መኪናው ሠራ ማለት ነው። ካልዞረ ፈትቶ የያዘውን ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ላይ እኛ ትልልቆቹ እጃችንን ባናስገባ ደስ ይለኛል። ሽቦው የት ጋ እንደታነቀ ራሱ ያገኘ ልጅ ሁለተኛውን መኪና ሲሠራ ማንንም አይጠይቅም።

ባቡርም ይሠራል፣ ያውም ቀለል ይላል። ሦስት አራት የሳርዲን ጣሳ በገመድ መቀጠል፣ ቆርኪ ጎማ ማድረግ ነው። ለድሬ ልጅ ባቡር ባዕድ ነገር አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። የጣሳው ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ አስቀድሞ በድንጋይ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት።

ቀለም ማውጣት ለትንንሾቹ ይመቻል። ከሰል ጥቁር ነው፤ ቡና ቡናማ፤ ቀይ ሥር ሐምራዊ። እርድ በውሃ ተበጥብጦ ካርቶን ላይ ሲቀባ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። አሁን የአመድ ውሃ በጣት ነክራችሁ ቢጫው ላይ ጠብ አድርጉ። ወዲያው ቀይ ይሆናል! ሎሚ ሲንጠባጠብበት ቢጫው ይመለሳል። አንድ ልጅ ይህን ካየ በኋላ ወጥ ቤት የሚቀር እርድ ያለ አይመስለኝም። ችግሩ እርድ ፀሐይ ላይ ሲውል ይለቃል፤ ሥዕሉን ቤት ውስጥ መስቀል ይሻላል።

ፀሐይ የማያለቅቀው ቀይ ከተፈለገ የጡብ ወይም የሸክላ ስባሪ ነው። ድንጋይ ላይ ይፈጫል፣ በዱቄት ሙጫ ይለወሳል። ይህ ሥራ በዚህ አካባቢ የትናንት አይደለም። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች 40,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ከ4,000 በላይ የቀለም ድንጋይ ስብርባሪዎች አግኝተዋል። አንድ ላይ ሲመዘኑ 40 ኪሎ ያህል ናቸው። መፍጫ ድንጋዮችም አብረው ወጥተዋል። ግማሽ ጎኗ ቀለም የተነከረች አንዲት ድቡልቡል ጠጠርም አለች፤ ማኅተም ሳትሆን እንዳልቀረች ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ድንች ለሁለት ገምሶ፣ አበባ ወይም ኮከብ ቀርጾ፣ ቀለም ነክሮ ካርቶን ላይ የሚያትም ልጅ የሚሠራው ያንኑ ነው።

ቦታው ግቢ፣ የሰፈር ጥግ ወይም የዛፍ ጥላ ነው። ከዚራ በዛፍ ጥላ የታደለ ሰፈር ነው። ከዚራንና የመጋላን ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሚሆን ልጆችን ይጠራል፤ አሸዋ ላይ በእንጨት መሣል፣ በጠጠርና በቆርኪ ቅርጽ መደርደር ይቻላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ድርሽ ማለት የለባቸውም። ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው የሞተው በዚህ ጎርፍ ነው። ከቆሻሻ መሀል ደግሞ የማይነሳ አለ፤ መርፌ፣ ባትሪ፣ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ዕቃ።

በዓመት አንዴ ይህ ሥራ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ይደርሳል። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ልጆች ወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍ ይሥላሉ፤ መስከረም 1 ጠዋት በየቤቱ ዞረው «እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ያድላሉ፤ ሳንቲም ይቀበላሉ። ሥዕሉ ገበያ ላይም ታትሞ ይሸጣል። በእጁ የሣለውን ይዞ የመጣውን ልጅ ግን ጎረቤት ያውቀዋል፤ ቀለሙ ከመስመር ወጥቷል፣ ጣቶቹ አሁንም በእርድ ቢጫ ናቸው።